የተሰረዘው አርባ ኪሎ

በዚያ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ሰው እንደገና መሄድ የሚማርበት አንድ አዳራሽ አለ። ሁለት ትይዩ የብረት መደገፊያዎች፣ ከፍ ያሉ አራት አልጋዎች፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉ የላስቲክ ገመዶች፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት አለው። ጥግ ላይ ደግሞ ሦስት ደረጃ ብቻ ያላት፣ ወጥተው ቢጨርሷት ወዴትም የማታደርስ የእንጨት መወጣጫ ቆማለች። ስለ እሷ የምነግራችሁ ሴትዮ አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው እዚህ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ናት ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ረዳት ናት። ፊዚዮቴራፒስቱ "ዛሬ አሥር እርምጃ ይሂድ" ብሎ ይጽፋል፤ ያንን ሰው ከወንበሩ አንስታ፣ የወገቡን ቀበቶ ጨብጣ፣ ላቡን ጠርጋ፣ ቁጣውን ችላ አሥሩን እርምጃ የምታስኬደው ግን እሷ ናት።

በስሟ የሚጠራት የለም። ድሮ አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ክንዷን ይዘው ቆመው "የራሴማ ከድቶኛል፣ ክንዴስ ይቺ ናት" አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ክንዴ ሆና ቀረች። በሽተኛው ክንዴ ይላታል፣ ዶክተሩ ክንዴ ይላታል፣ ደመወዝ ከፋዩ ሳይቀር ፊርማዋን ሲያይ ግራ ይጋባል። እጇ ደግሞ እውነትም እጅ ነው። ጡንቻ ላይ ጣቷን ካሳረፈች፣ ሰውየው ትናንት የታዘዘለትን እንቅስቃሴ ቤቱ ሠርቶ ይምጣ ወይ ዋሽቶ ይምጣ ታውቃለች። ከትምህርት ቤት ትኩስ ትኩሱን የወጡት ልጆች ሰው ሳያያቸው ጠጋ ብለው "ክንዴ፣ ይሄ ጉልበት ምን የሆነ ይመስልሻል?" ይሏታል። ትነግራቸዋለች። እነሱም ይጽፉታል፣ ይፈርሙበታል። እሷ መፈረም አትችልም።

ይህ ነገር አንድ ቀን አንገፈገፋት። ክፍሉን የምትመራውን ሴት ቢሮዋ ድረስ ሄዳ፣ "እኔስ ብማር ምን ይለኛል?" አለቻት። ኃላፊዋ ቆፍጣና ናት፤ ሥራ ስታዝ እንጂ ስታሞግስ አትታወቅም። ያን ቀን ግን መነጽሯን አውልቃ አየቻትና፣ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ለሆስፒታሉ ሠራተኛ አንድ ቦታ እንደሚይዝ፣ እስካሁንም የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ነገረቻት። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ከመግባቷ በፊት አራት ኮርሶች ማለፍ አለባት። ባዮሎጂ፣ አናቶሚ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ደብተር ከዘጋች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ይሁና፣ አለች።

ባሏ አናጢ ነው። ወሬውን እንደሰማ ወደ ሥራ ቦታው ሄደና፣ ለሌላ ሰው አስቀምጦት ከነበረው ጥሩ እንጨት የጥናት ጠረጴዛ ሠርቶላት መጣ። ሁለት መሳቢያ አለው፤ ጠርዙ ክንድ እንዳይቆርጥ ተሞርዷል። መኝታ ቤቱ መስኮት ሥር አስቀመጠውና "በይ ዶክተሬ፣ ከዚህ ወዲያ ሰበብ የለሽም" አላት። እሷም ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት እዚያ መቀመጥ ጀመረች።

ባዮሎጂን አለፈች። አናቶሚ ላይማ አለቀሰች፣ በደስታ። አሥራ አንድ ዓመት በጣቷ ስትዳብሰው የኖረችው ነገር ሁሉ ስም ኖሮት አገኘችው። ኬሚስትሪን ጥርሷን ነክሳ፣ ሃምሳ ሁለት አምጥታ፣ በጭንቅ አለፈች፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። ከዚያ ፊዚክስ መጣ።

ፊዚክስ የሚሰጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጁ ውስጥ ነው። ክፍሉ መቶ ሃያ ሰው ይይዛል፤ አብዛኞቹ እሷ ልትወልዳቸው በምትችል ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው። እሷ መጨረሻው ረድፍ፣ ከመስኮቱ ጥግ ትቀመጣለች። መምህሩ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጅጌያቸው ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው ናቸው። መድረኩ ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ያዞራሉ፤ ደወሉ ሲደወል ወርደው ይሄዳሉ። በመካከሉ ለሰሌዳው ያወራሉ። ተማሪዎቻቸውን በመልክ ያውቃሉ የሚል ሰው ቢኖር ሐሰተኛ ነው። ልጆቹ ቶሎ ቶሎ ይጽፋሉ፤ እሷ አንዱን ቀመር ገልብጣ ሳትጨርስ ሰሌዳው ተጠርጎ ሌላ ይሞላል።

መጀመሪያ ጊዜ ሠላሳ ስምንት አገኘች። አልደበቀችም። ሥራ ቦታ ወደቅሁ አለች፤ "አይዞሽ፣ ገና ነው" ተባለች፤ ባሏ "እንኳን አንቺ እኔም የመጀመሪያው ወንበሬ ተሰብሯል" ብሎ አሳቃት። እንደገና ተመዘገበች።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ጉድ የሠራት ይህ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው ክርኑን አጥፎ በመዳፉ አምስት ኪሎ ይዟል። ክንዱን የሚያጥፈው ጡንቻ የተጣበቀው ከክርኑ አራት ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ክብደቱ ያለው ከክርኑ ሠላሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። ጡንቻው የስንት ኪሎ ያህል ይስባል? በጣም ብዙ ነጥብ ይዞ ነበር የመጣው። እሷም፣ እግዜር ይስጣት፣ ሠራችው። ሠላሳ ሁለቱን ለአራት አካፈለች፣ በአምስት አባዛች፣ አርባ አገኘች። አርባ ኪሎ።

ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አሰበች። ባለፈው ሳምንት ያሠራቻቸው አሮጊት ትዝ አሏት፤ ክንዳቸው ከቆዳና ከአጥንት በቀር ምንም የሌለው፣ አምስቱን ኪሎ ግን ይዘው አሥር ድረስ የቆጠሩ። እሳቸው ናቸው አርባ ኪሎ የሚስቡት? እኔ አይደለሁም ወይ ጡንቻቸውን በእጄ የያዝኩት? እንዴት ተደርጎ! አሥራ አንድ ዓመት ከእጇ ጋር ኖራ፣ እጇን ትታ ወረቀት ልታምን አልሆነላትም። አርባውን ሰረዘችው። አምስት ኪሎ ለያዘ አምስት ኪሎ ይበቃዋል ብላ አምስት ጻፈች፤ የቀሩትንም ሦስት ጥያቄዎች በዚያው አካሄድ ሄደችባቸው።

አርባ አንድ መጣላት። ወረቀቷ ሲመለስ በተሰረዘው አርባ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ "ለምን ሰረዝሽው?" የሚል ተጽፎበታል። ሄዳ ልትጠይቅ ትችል ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ በኋላም አልዘረጋችውም።

በነጋታው አዳራሹ በር ላይ ሲጠብቋት ነበር። "እሺስ?" አለች አንዷ የሥራ ባልደረባዋ፤ ነገር የምታደምቅ፣ ለሰው ደስታ ቀድማ የምታጨበጭብ ሴት ናት፤ አዳራሹ ውስጥ አጨብጫቢዋ ይሏታል። መልሱን እንኳ ሳትጠብቅ አቅፋት ቆመች። በሽተኞቹም ከየአልጋቸው ቀና ብለው ያያሉ። ክንዴ አፏን ስትከፍት "አለፍኩ" አለች። እንዴት እንደወጣት እስከ ዛሬ አታውቀውም። ወጣ እንጂ። ከዚያማ ጭብጨባ ሆነ፤ ኃላፊዋም ሰምታ መጥታ እጇን ጨበጠቻት፣ ለፊዚዮቴራፒ ትምህርት ቤቱም በዚያው ሳምንት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈችላት። ማታ ባሏ ሲሰማ ብድግ አድርጎ አዞራት፤ ለደንበኛው ሁሉ "የኔዋ ፊዚክስ አለፈች" እያለ ሲያወራ ሰነበተ።

ውሸት ደግሞ ምግብ ይፈልጋል። ኃላፊዋ የውጤት ወረቀቱን አምጪ አለቻት፤ ኮሌጁ ወረቀት ሲሰጥ ይዘገያል አለች፣ ሁሉም አመናት፤ መሥሪያ ቤት ሲዘገይ የማያምን ማን አለ? ሐሳቧ፣ ሦስተኛውን ፈተና ተደብቃ ወስዳ፣ አልፋ፣ ወረቀቱን ማምጣት ነበር። ሦስተኛው የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ ኮሌጁ አይመዘግብም። ጠረጴዛው ግን አስጠላት። ጠዋት ተነስታ የተሞረደውን ጠርዙን ስታይ፣ እጇን ልታሳርፍበት ያሳፍራታል። በሩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ታነብ ጀመር፤ ምንም አይገባትም።

እንዲህ ሳለች ነው እንግዲህ መምህሩ ኮሌጁ ደረጃ ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው የተሰበረው።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ በዊልቸር ሲገቡ አየቻቸው። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ አራተኛ ቀናቸው ነው። ጉንፋን የበዛበት ሰሞን ስለነበር ሁሉም ሠራተኛ አፍና አፍንጫውን ሸፍኗል፤ እሷ መሸፈኛዋን ጭራሽ እስከ ዓይኗ ሥር ሳበችው። ተራውን ስታይ ደግሞ የሷ በሽተኛ ናቸው። ቀበቶውን አሰረችላቸው፣ ደህናው እግራቸው ላይ ክብደታቸውን አስጣለች፣ አዙራ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድ ቃል አልተናገረችም። ድምፄን ያውቁታል ብላ ፈርታ።

አሁን ስለ አንድ ደንብ ልንገራችሁ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በሽተኛን ያስቀመጠ ሠራተኛ ራሱ ነው የሚያስነሳው። ሌላ ሰው አይነካውም። በየትኛው እግሩ እንደቆመ፣ ቀበቶው እንዴት እንደታሰረ፣ ራሱን አዙሮት እንደነበር የሚያውቀው ያስቀመጠው ስለሆነ ነው። ማን ማንን እንዳስቀመጠ በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ደንቡን ኃላፊዋ ያወጣችው አንድ ጊዜ ሰው ወድቆባት ነው፤ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም።

መምህሩ ከወትሯቸው ውጭ ወሬ አማራቸው። ሕመምተኛ ሲሆኑ እንዲህ ነው፤ ሰሌዳ የለ፣ ጠመኔ የለ፣ ያለው ሰው ብቻ ነው። አስተማሪ ነኝ አሉ። ፊዚክስ ነው የማስተምረው አሉ። ክንዴ ጀርባዋን ሰጥታ ትራስ ታስተካክላለች። ይህን የሰማችው አጨብጫቢዋ ከወዲያ ማዶ፣ የላስቲክ ገመድ እየጠቀለለች፣ "ኧረ መምህር፣ የኛዋም እኮ ፊዚክስ አልፋለች! እዚሁ ኮሌጅ ነው የተማረችው፣ እርስዎ ሳይሆኑ ይቀራሉ ያስተማሯት?" አለች።

መምህሩ አንገታቸውን ማዞር ጀመሩ።

ክንዴ "ትራስ ላምጣ" አለችና ሄደች። ሰሌዳው ላይ ስሟን ሳትጽፍ፣ ለማንም አደራ ሳትሰጥ፣ ዕቃ ቤት ገብታ በሩን መለስ አደረገችው። ትራስና ክራንች በተደረደረበት መካከል ቆማ እስትንፋሷን ታዳምጣለች። ተረኛው ፊዚዮቴራፒስት መጥቶ ይጀምራቸዋል፣ ያኔ እወጣለሁ አለች። እሱ ግን ፎቅ ላይ ቆይቶ ነበር። አምስት ደቂቃ ሆነ፣ አሥር ሆነ። በሩ ክፍተት በኩል "እህት" የሚል ድምፅ ሰማች፤ ቀስ ያለ፣ የለመነ። ሌላ ሰው ይሄዳል አለች። ሌላ ሰው አይሄድም፤ ደንቡን እያወቀች። "እህት" አለ ድምፁ እንደገና፣ ከበፊቱ ዝቅ ብሎ። አልወጣችም። እንዲህ ያለች ሰው አይደለችም እኮ፤ ግን አልወጣችም።

ከዚያ የወንበር መገልበጥና የሰው መውደቅ ተሰማ።

ስትደርስ መሬት ላይ ናቸው። በግራ እጃቸው ሊይዙ ሲሞክሩ አንጓቸው ተጠምዝዟል። ሱሪያቸው ደግሞ ርሷል። ይህን ከሁሉ በፊት ያየችው እሷ ናት፤ የተቀሩት ሳይደርሱ ከአልጋው አንሶላ ነጥቃ ከወገባቸው በታች አለበሰቻቸው። ለካ ሽንት ቤት ፈልገው ነው ሲጣሩ የነበረው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በሰው ፊት ሴት ልጅን ሽንት ቤት ውሰጂኝ ማለት ከብዷቸው፣ ብቻቸውን ተነስተው ነው።

ኃላፊዋ መጣች። ሰሌዳውን አየች፣ ባዶ ነው። "ማነው ያስቀመጣቸው?" አለች።

አጨብጫቢዋ ክንዴን አየቻት፤ ከዚያ ዓይኗን ሰበረችና የያዘችውን ገመድ መጠቅለል ቀጠለች። ለዚያች ለፍላፊ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብዳት የሚያውቅ ያውቃል። መምህሩ ከመሬት ሆነው፣ ማንም አላጠፋም፣ በራሴ ፈቃድ ነው የተነሳሁት አሉ። ክንዴ አፏ ውስጥ ቃሉ ነበረ፤ "እኔ ነኝ" የምትል ሁለት ቃል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እያለች ቆመች እንጂ አላወጣችውም። ፈተና መውደቅን አሳፋሪ ያደረገው ማን ነው? አሳፋሪ ማለት ይህ ነው።

የተጠገነው አጥንት እንደ ዕድል ሆኖ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ግን ሳምንት ሙሉ ከአልጋ እንዳይወርዱ ታዘዙ። ከሰዓት በኋላ ክንዴ ፎቅ ወጣች። መሸፈኛዋን አውልቃ ኪሷ ከተተች፤ ያውቁኝ፣ ይስደቡኝ፣ ይገላግሉኝ ብላ። መምህሩ ቀና ብለው ፊቷን ትክ ብለው አዩት። አንድም ነገር አላወቁም። ሁለት ጊዜ ሙሉ ኮርስ ያስተማሯትን ሴት፣ ሁለት ጊዜ የጣሏትን፣ ትራስ መካከል የተወሸቀውን ፊት፣ አይተውት እንደማያውቁ ነው ያዩት።

"አንሶላውን ያለበስሽኝ አንቺ ነሽ አይደል?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። የሆነውን ለሰው አትንገሪ። መቶ ሃያ ተማሪ አለኝ፤ አንዱ ከሰማ ሁሉም ሰማ። ከዚያ በኋላ ፊታቸው መቆም አልችልም።"

ክንዴ አልጋው ጫፍ ያለውን ብረት ያዘች። "መምህር" አለች፣ "እኔም ተማሪዎ ነኝ።"

መምህሩ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። እሷም ከጀመረች ወዲያ አላቆመችም፤ ሁለት ጊዜ መውደቋን፣ አልፌያለሁ ብላ መዋሸቷን፣ ያስቀመጠቻቸው እሷ መሆኗን፣ ሲጣሩ እየሰማች ዕቃ ቤት መደበቋን፣ ኃላፊዋ ስትጠይቅ ዝም ማለቷን፣ ሁሉንም እንደ ወረደ ነገረቻቸው። ይጮኹብኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ግንባራቸውን ቋጥረው ሲያስታውሱ ቆዩና፣ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቋት።

"አርባ ኪሎውን የሰረዝኩት" አለች።

"ያቺ አንቺ ነሽ?" አሉ። ፊቷን ያላወቁት ሰው ወረቀቷን አወቁት። "ለምን ሰረዝሽው?"

ስለ አሮጊቷ ነገረቻቸው። አላመንኩም አለች፤ በእጄ ይዤው እንዴት ልመን አለች። አልገሠጿትም፣ አላጽናኗትም፣ ነጥብ እጨምርልሻለሁም አላሏት። ስትወጣ ብቻ፣ የለመንኩሽን ግን አትርሺ አሏት፤ አልረሳም አለች።

ማታ ራት ሳይቀርብ ለባሏ ነገረችው። መናገር ስትጨርስ ጠረጴዛውን እያየ "ለስንቱ ሰው አወራሁ መሰለሽ" አለ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ ከመሄዱ በፊት ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ የሚወዛወዘውን እግር ሲያጠብቅ አገኘችው።

ኃላፊዋ ዘንድ የሄደችው በዚያው ጠዋት ነው። ወንበር እንኳ አልጠየቀችም፤ ቆማ ተናገረች። ኃላፊዋ መሳቢያዋን ከፍታ ለትምህርት ቤቱ የጻፈችውን ደብዳቤ ቅጂ አወጣችና አየችው፤ ዋናውን ዛሬውኑ በስልክ እንደምታስመልሰው ነገረቻት። የዘንድሮው ቦታ ሄደ ማለት ነው። ክንዴ ይህን ጠብቃ ስለነበር አንገቷን ነቀነቀች።

"ፊዚክሱን መውደቅሽ የራስሽ ጉዳይ ነው" አለች ኃላፊዋ። "ሰውየው ግን ያንቺ ናቸው። ያስቀመጥሻቸው አንቺ ነሽ፤ የምታስነሻቸውም አንቺ ነሽ። በእግራቸው ከዚህ ሕንፃ እስኪወጡ ሌላ ሰው አይነካቸውም።"

ቅጣቱ ይህ ሆነ። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ያዋረደቻቸውን ሰው ዓይናቸውን እያየች ማስነሳት። ፊዚዮቴራፒስቱ ያዛል፣ እሷ ታስነሳለች። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱም አይናገሩም ነበር፤ አንዱ የሌላውን ገበና ያየ ሰው ምን ያወራል? በኋላ በኋላ መምህሩ በትይዩ ብረቶቹ መካከል እያዘገሙ፣ ለምን ከዘራውን በደህናው እግር በኩል እንደሚይዙ ይጠይቋት ጀመር። እንደዚያ ሲሆን ዳሌው ላይ የሚወድቀው ሸክም ይቀላል ትላቸዋለች። ለምን ይቀላል ይሏታል። እሱን አላውቅም ትላለች። እሳቸውም አይነግሯትም፤ "አስቢው" ብለው ይሄዳሉ። የእንጨት መወጣጫዋ ላይ ግን አስተማሪዋ እሷ ናት። ወደ ላይ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ በቀን ሃያ ጊዜ ትላቸዋለች። ሁለተኛዋንና ሦስተኛዋን ደረጃ ብቻቸውን ይወጣሉ፤ የመጀመሪያዋ ግን እስከ መጨረሻው ቀን ያለ ክንዷ አልሆነችላቸውም። ከወለል መነሳቱ ነበር የሚያስፈራቸው።

ሁለት ወር ከግማሽ ሆኗቸው ተሰናበቱ። ክንዴ ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ተመዘገበች።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ክፍሉ ግጥም ብሎ ሞልቷል። እሷ እንደ ልማዷ መጨረሻው ረድፍ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። መምህሩ በከዘራ ገቡ። ልጆቹ አንዴ ዞር ብለው አዩና ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። መምህሩ መድረኩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አንዲት ደረጃ ናት፤ መደገፊያ ግን የላትም። ኪሳቸውን ዳበሱ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። የስም መጥሪያውን ከፍተው ያነቡ መሰሉ። ሌላ ሰው ቢያይ የረሱትን ነገር የሚፈልጉ ነው የሚመስለው። ክንዴ ግን ደህናው እግራቸው ሊነሳ ሲል ተመልሶ ወለሉን ሲረግጥ ከመጨረሻው ረድፍ ታየው ነበር። ወሬው እየቀነሰ፣ ዓይን ወደ እሳቸው እየዞረ መጣ።

ተነስታ ሄዳ እጃቸውን ብትይዝ አበቃ፤ መቶ ሃያ ሰው ፊት አቅመ ቢስ አደረገቻቸው ማለት ነው። አትንገሪ ብለዋታል። ዝም ብላ ብትቀመጥ ደግሞ እንደገና ዕቃ ቤት ውስጥ ናት።

ተነሳች። ደብተሯን ከፍታ ወደ ላይ ያዘችና፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማት ጮክ ብላ "መምህር፣ ጥያቄ አለኝ!" አለች። በመተላለፊያው ወደ ፊት እየሄደች ጠየቀችው። አምስት ኪሎ የያዘ ሰው ጡንቻው የአርባ ኪሎ ያህል ይስባል የሚባለው እንዴት ነው? እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ፣ አሁንም አልገባኝም፣ አላምንም።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መልሱ ለነዚያ ልጆች ከጨዋታ የማይቆጠር ነው። አንዱ "ኧረ እናታችን፣ ይሄማ ከኛ በታች ያሉትም ያውቁታል!" አለ፤ ሌላው "ሁለት ጊዜ አለች እኮ!" ብሎ አስተጋባ። የሁሉም ዓይን ቀልቶ የሚነደው ፊቷ ላይ ነው። መምህሩን ያያቸው የለም። እሷ አጠገባቸው ደርሳ፣ በተጎዳው እግራቸው በኩል ቆማ፣ ደብተሩን ልታሳያቸው እንደፈለገች ጠጋ አለች። እጃቸው ክንዷ ላይ ሲያርፍ ተሰማት።

"ደህናው ይቀድማል" አለች፣ ከንፈሯን ሳታላውስ።

ወጡ። ሳቁ ገና አላባራም ነበር። መምህሩ ጠመኔ አነሱ፤ ወደ ሰሌዳው ግን አልዞሩም፣ ወደ ክፍሉ ዞሩ። እስኪረጋ ጠበቁና፣ ጡንቻው መገጣጠሚያው አጠገብ ስለሚይዝ፣ ከሩቅ ያለውን ትንሽ ክብደት ለመቻል ብዙ መሳብ እንዳለበት አስረዱ። ከዚያም በዚህ ክፍል ውስጥ ያንን ጡንቻ በእጇ ይዛ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ እንዳለች፣ የሳቀው ሁሉ ግን በወረቀት ብቻ እንደሚያውቀው ተናገሩ። በስሟ ነበር የጠሯት፣ በሙሉ ስሟ።

ክንዴ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፊቷ እንደነደደ ነበር፤ ምስጋናው አላጠፋላትም። ተቀመጠች፣ የግራ ክንዷን አጠፈች፣ በቀኝ እጇ ጡንቻዋን ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ደብተሯ ላይ አርባ ብላ ጻፈችና ሳትሰርዘው ተወችው።